የቆየ መኪና ባትሪ አንዴ ሲሞላ አንዴ ሲተው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመለከተው ዲናሞውን ኮምፒውተር የማያዝባቸውን የቆዩ መኪናዎች ነው፤ በተለይ ላዳንና እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ የተሠሩ ቶዮታዎችን። «ዲናሞ» ያልነው ጋራዥ ውስጥ እንደሚባለው አልተርኔተሩን ነው።

የባትሪው መብራት ሲፈልግ ይበራል፤ ጋራዥ ስደርስ ይጠፋል። ዲናሞ ልቀይር?

ገና ነው። የተቃጠለ ዲናሞ ጠዋትም ማታም አይሞላም። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ነገሮች በሚነካኩበት ቦታ ነው፦ ካርቦኑ (ለሚዞረው ሮተር ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ከቀለበቱ፣ ፊውዙ ከመያዣው፣ ፒኑ ከሶኬቱ፣ ማሳው (የኔጌቲቩ ገመድ) ከቦዲው። ከእነዚህ ውስጥ ዲናሞው ሆድ ውስጥ ያለው ካርቦኑ ብቻ ነው፤ እሱም ለብቻው ይቀየራል። ዲናሞ ተቀይሮለት «ዳነ» የተባለ መኪና ብዙ ጊዜ የዳነው ሲፈታና ሲታሰር ሶኬቱና ዳዶው ስለተነካካ ነው። ሰነባብቶ ያው መብራት ይመለሳል፤ ባለቤቱም «አዲሱ ዲናሞ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይወቅሳል።

ከምን ልጀምር?

ዲናሞውን ከሚያዞረው ቺንጋና ከባትሪው። ሁለቱ ሳይጣሩ ቴስተር የሚያሳየው ቁጥር ሁሉ ያሳስታል።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ያለውን ረጅሙን የቺንጋ ክፍል በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ይጫኑት፤ 10 ኪሎ ያህል ኃይል ይበቃል። ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ከረገበ ደህና ነው። ጎኖቹ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ ከሆነ፣ ወይም ቺንጋው ሰምጦ የፑሌጃውን ወለል ከነካ፣ ቢወጥሩትም ይንሸራተታል። ይህ ዓይነት ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም። ሳሙና መቀባት ጩኸቱን ያስቀራል እንጂ መንሸራተቱን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ከልክ በላይ መወጠር ደግሞ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

ባትሪውን መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ቁልፍ ሳይነካ ይለኩት። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፤ 12.0 ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል፣ ወይም ቀድሞውኑ ባዶ ነበር። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲዱን ክብደት በሃይድሮሜትር ይዩት፤ በአንዱና በሌላው ክፍል መካከል የ0.050 ልዩነት ከታየ ዲናሞ መመርመሩን ትተው ባትሪ ይቀይሩ።

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ይያዙት። ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይጠበቃል። ረዥም መብራቱን፣ የማሞቂያውን ነፋሻና የዝናብ መጥረጊያውን ይክፈቱ፤ ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። የአምፔር መለኪያ ካለዎት፣ የቆዩ ኮሮላዎች በዚህ ጭነት ቢያንስ 30 አምፔር መስጠት አለባቸው።

ሁሉም ደህና ነው፤ ብልሽቱ የሚመጣው መንገድ ላይ ብቻ ነው። እንዴት ልያዘው?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ብልሽቱ በሌለበት ሰዓት መለካት ትኩሳቱ የለቀቀውን ሰው እንደ መመርመር ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ከሹፌሩ ጋር መሄድ አለበት።

ሁለት ርካሽ ዲጂታል ቮልት መለኪያዎች ይግዙ። የአንዱን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ምሰሶ፣ የሌላውን ደግሞ ዲናሞው ጀርባ ላይ ወፍራሙ ገመድ ከሚታሰርበት ቡሎን (ብዙ ጊዜ «ቢ» የተጻፈበት) ያምጡ። በሁለቱም ፖዘቲቭ ገመዶች ላይ፣ ልክ በሚነሱበት ቦታ የ1 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ገመድ የጋለ ቱቦ ቢነካ መኪና ያቃጥላል። ገመዶቹን ከቺንጋውና ከጭስ ማውጫው አርቀው ወደ ውስጥ ያስገቡና መለኪያዎቹን ዓይንዎ ሥር ያስቀምጡ። የሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰካው መለኪያ ለጊዜው ይረዳል፤ ግን በቁልፉና በፊውዙ አልፎ ስለሚመጣ ከባትሪው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል።

መብራቱ ሲበራ ቁጥሮቹን ያንብቡ። ሁለቱም ወደ 12 ከወረዱ ዲናሞው አላመነጨም፤ ችግሩ ካርቦን፣ ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ወይም ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። የባትሪው ወርዶ የዲናሞው እንዳለ ከቆየ ወይም ወደ 16 ከዘለለ፣ ዲናሞው እየሠራ መንገዱ ተዘግቶበታል፤ ወፍራሙን ገመድ፣ ዋናውን ፊውዝና ተርሚናሉን ይፈትሹ። ሁለቱም 14 ላይ ሆነው መብራቱ ብቻ ከበራ የተሳሳተው መብራቱ ነው።

ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ተለይቶ በተቀመጠባቸው መኪናዎች (የቆየ ላዳ፣ የ1970ዎቹ ቶዮታ) አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ፤ ዋጋው የአንድ አምፖል ነው። ከሬጉሌተሩ ወደ ዲናሞው ከሚሄደው ገመድ (ላዳ ላይ 67፣ ቶዮታ ላይ «ኤፍ») ላይ የ5 ዋት አምፖል ወደ ማሳ አስረው ሹፌሩ እንዲያየው ያድርጉ። በደህናው ጊዜ ሞተሩ ዙር ሲጨምር አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ይህ ጤነኛ ነው። የባትሪው መብራት በበራበት ቅጽበት አምፖሉ ደምቆ ከታየ፣ ሬጉሌተሩ እየላከ ዲናሞው አልተቀበለም፤ ካርቦኑን ወይም ሮተሩን ይዩ። አምፖሉ ከጨለመ ደግሞ ዲናሞውን አይንኩት፤ ፊውዙ፣ የቁልፉ ማብሪያ ወይም ሬጉሌተሩ ነው።

መብራቱ የሚበራበት ሰዓት ፍንጭ ይሰጣል?

ይሰጣል፤ ስለዚህ በበራ ቁጥር ምን ላይ እንደነበሩ ይመዝግቡ።

ጉድጓድ ላይ የሚበራ ከሆነ የላላ ሶኬት፣ የላላ ተርሚናል፣ ወይም ሊያልቅ የደረሰ ካርቦን ይጠርጥሩ። በዝናብ ውሃ አቋርጠው ሲያልፉ ከሆነና ጩኸት ካለው ቺንጋው ነው። ከተነሱ 20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ፣ ሞተሩ ሲግል ጀምሮ ሲቀዘቅዝ የሚድን ከሆነ በሙቀት የሚላቀቅ ነገር አለ፦ ሮተሩ ላይ የሽቦው ብየዳ፣ ወይም ሬጉሌተሩ። ይህን በፀጉር ማድረቂያ ሬጉሌተሩን ብቻ በማሞቅ መለየት ይቻላል። በከፍተኛ ዙር ብቻ ከሆነ ካርቦኑ ከቀለበቱ እየዘለለ ነው፤ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ቀለበቱ ክብነቱን አጥቷል። የቁልፉን መያዣ ሲነኩት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ የቁልፉ ማብሪያ ውስጡ ተበልቷል፤ ከባድ የቁልፍ ዘለላ ማንጠልጠል ያፋጥነዋል።

ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ፣ ትራፊክ ተጨናንቆ፣ መብራትና መጥረጊያ ተከፍቶ ትንሽ ብልጭ የሚል ከሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የቆየ ዲናሞ በሚኒሞ የሚሰጠው ከሙሉ አቅሙ በጣም ያነሰ ነው። መጀመሪያ ሚኒሞውን ያስተካክሉ።

ጠዋት ነዳጅ አብዝተው እስኪሰጡት የማይሞላ መኪና ደግሞ ሌላ ነው። ቦሽ ዲናሞ ያላቸው ብዙ የቆዩ የአውሮፓ መኪናዎች መነሻ ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት በዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት በኩል ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ዲናሞው አይነቃም። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ የማይበራ ከሆነ ከአምፖሉ ይጀምሩ።

ገመዱና ማሳው ደህና መሆናቸውን እንዴት አውቃለሁ?

በዓይን አይታወቅም፤ በኦም መለካትም ብዙ አይጠቅም። ከብዙ ክሮች አንድ ብቻ የቀረው ገመድ በቴስተር «ደህና ነኝ» ይላል፤ 30 አምፔር ሲሄድበት ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፣ ጭነት ተከፍቶ፣ የሚጠፋውን ቮልት ይለኩ። ቴስተሩን 2 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ ዲናሞው «ቢ» ቡሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ ይያዙ፤ ምሰሶው ላይ እንጂ ገመዱን የያዘው ብረት ላይ አይደለም። እስከ 0.2 ቮልት ደህና ነው፤ 0.5 ካለፈ መንገዱ ላይ የተቃጠለ ነገር አለ። ቀጥሎ ከዲናሞው ባዶ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ይለኩ፤ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ቁጥሩን እያዩ ገመዱን ቦታ በቦታ ያወዛውዙት። የሚዘልበት ቦታ ላይ ነው ሌባው።

ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ብዙ ጊዜ ሞተር ወይም ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ ሳይታሰር ይቀራል። ያኔ ኤሌክትሪኩ በነዳጅ መስጫው ወይም በቾኩ ገመድ በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ሞተሪኖ ሲመታ የቾኩ ገመድ ከጋለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ማሳውን ሲያስሩ ቀለሙን እስከ ነጭ ብረት ፍቀው ይሰሩ፤ ካሰሩ በኋላ ግሪስ ይቀቡት።

ተጣምሞ በናስትሮ የተጠቀለለ ገመድ ካገኙ ከሌላው በፊት እሱን ይፍቱ። ማንቂያ ደወልና ሳውንድ ሲስተም የገባባቸው የቆዩ መኪናዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ላዳ ላይ የት ልፈልግ?

ፊውዙ ላይ። የቆዩት ላዳዎች ፊውዝ የጥይት ቅርጽ ያለው፣ በሁለት የመዳብ ምላሶች መካከል የሚያዝ ነው። ምላሱ ይረግባል፣ ይዝጋል፤ ፊውዙ ሳይቃጠል መንካት ያቆማል። ለሬጉሌተሩ የሚሄደውን ፊውዝ በጣት ያሽከርክሩት፤ መብራቱ ከጠፋ አገኙት። ምላሶቹን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ በፒንሳ ጠበቅ ያድርጉ፣ ፊውዙን በአዲስ ይቀይሩ። በሲጋራ ፎይል መጠቅለል መፍትሔ አይደለም፤ መከላከያውን ማጥፋት ነው።

2101 እና መሰሎቹ ሬጉሌተራቸው በሞተር ክፍሉ ጎን ላይ ለብቻው የታሰረ ነው፤ 15 እና 67 የተባሉ ሁለት ገመዶች ይገቡበታል። ለመለየት ሁለቱን ገመዶች ነቅለው እርስ በርስ ያገናኙ፣ የፊት መብራት ያብሩ፣ ሞተሩን ከ1500 ዙር ሳያሳልፉ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቮልቱን ይዩ። ከፍ ካለ ሬጉሌተሩ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ካርቦኑ፣ ሮተሩ ወይም ዲዮዱ (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው)። ከ15 ቮልት በላይ ሲወጣ ወዲያው ያላቁት። እንደ 2107 ያሉት የኋለኞቹ ሬጉሌተራቸው ከካርቦኑ ጋር ዲናሞው ላይ ስለሆነ ይህ ሙከራ አይሠራባቸውም።

ቶዮታ ላይስ?

ሬጉሌተሩ ዲናሞው ውስጥ ባለባቸው ኮሮላዎች ሦስት ፒን ያለውን ሶኬት ይመልከቱ፤ ፒኖቹ አይጂ፣ ኤስ እና ኤል ናቸው። አይጂ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱ ከሌለ ሬጉሌተሩ አይነቃም። ኤስ የባትሪውን ቮልት የሚያነብበት ዓይኑ ነው። ኤል ወደ ዳሽቦርዱ መብራት ይሄዳል። ኤስ ሲቋረጥ ብዙዎቹ መብራቱን አብርተው መሙላታቸውን ይቀጥላሉ። መብራት በርቶ ባትሪው ላይ 14 ቮልት የሚያዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሶኬቱ ከሙቀት ብዛት ይደርቃል፣ መንጠቆው ይሰበራል፣ ከዚያ በንዝረት ወደ ኋላ ይወጣል። ፕላስቲክ ማሰሪያ ከማጥበቅ በፊት እያንዳንዱ የሴት ፒን የወንዱን መያዙን ያረጋግጡ።

ባትሪው አጠገብ ያለው፣ እንደ ፊውዝ የሚያገለግለው የሚቀልጥ ገመድ ሌላው ተንኮለኛ ነው። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ እንደ ጎማ ከተለጠጠ ውስጡ ሽቦ የለም።

አንዳንድ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ይነቅልና «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላል። ልክ ነው?

አይደለም፤ አይፍቀዱለት። ባትሪው የቮልቱን ዝላይ የሚያበርድ ትራስ ነው። ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት በብዙ እጥፍ ይዘልና ዲዮድ፣ ሬጉሌተር፣ ሬዲዮ ያቃጥላል። መኪናው አለመጥፋቱም ምንም አያረጋግጥም፤ አንድ ዲዮድ የሞተበት ዲናሞ ሞተር ለማቆየት የሚበቃ ኤሌክትሪክ አያጣም። በርካሽ ቴስተር ለሚታወቅ ነገር ዲናሞ ማስያዝ አያዋጣም።

ባትሪው ይፈላል፣ ውሃ ይጨርሳል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ይህም ከዚሁ ይቆጠራል?

አዎ፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ያው የተበላሸ ንክኪ ነው። ሬጉሌተሩ የሚያነበው ወደ እሱ የደረሰውን ቮልት ነው። ፊውዙ ወይም የቁልፉ ማብሪያ 1 ቮልት ቢበላበት፣ ባትሪው 14.2 ላይ ሳለ እሱ 13.2 ስለሚያይ ዲናሞውን ያስጨንቀዋል፤ ባትሪው 15.2 ይደርሳል። ላዳ ላይ ሬጉሌተሩ ከቦዲው ጋር ያለው ማሳ ሲዝግም ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን የሚያንስ ሌላ ቀን የሚበዛ ቮልት ካዩ ሬጉሌተር ከመግዛትዎ በፊት ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሬጉሌተሩ መግቢያ የሚጠፋውን ቮልት ይለኩ። ባትሪው ላይ የጎደለውን በንጹህ የባትሪ ውሃ ይሙሉ፤ አሲድ አይጨምሩ።

ቀን ደህና ይሞላል፤ አድሮ ግን ባትሪው ሞቶ ይገኛል።

ወይ የሆነ ነገር ሌሊት ይበላል፣ ወይ ዲዮድ ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ቀላሉ ፍተሻ ይህ ነው፦ መኪናው ከቆመ ብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዲናሞውን በእጅ ይንኩት። ለብ ካለ ዲዮዱ ነው። ካልሆነ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በኔጌቲቭ ምሰሶውና በገመዱ መካከል ያስገቡ፤ ቁልፍ አይክፈቱ፣ ሞተሪኖም አይምቱ። ከ0.05 አምፔር በላይ ካዩ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ።

ዲዮድ ሞተሩ እየሠራም ይጋለጣል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ባትሪውን ይለኩ፤ ከ0.5 በላይ ካሳየ ዲዮድ ይጠርጥሩ። 28 ገደማ ካሳየ ግን ዲናሞውን አይውቀሱ፤ አንዳንድ ርካሽ ቴስተር ኤሲ ላይ ሆኖ ዲሲ ሲያገኝ እጥፉን ያሳያል።

ካርቦን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ካቻቪቴ ከያዙ፣ አዎ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ያውልቁ። ከመያዣው የወጣው የካርቦን ክፍል ወደ 5 ሚሊሜትር ከወረደ፣ ወይም ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ ይቀይሩ። መያዣው ውስጥ ያለ ችግር ወጥተው መግባታቸውን ይፈትሹ፤ በአቧራ የተጣበቀ ካርቦን ረጅም ሆኖም አይነካም። ቀለበቶቹን በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሮተሩን በእጅ እያሽከረከሩ ይጥረጉ፤ ከዚያ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ኦም ይለኩ። እንደ ዲናሞው ዓይነት ከ2.5 እስከ 5 ኦም ይጠበቃል። ጨርሶ ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል፤ ዲናሞ ጠቅላይ ዘንድ ይውሰዱት። ከቀለበቱ እስከ ሮተሩ ብረት ደግሞ ምንም ማንበብ የለበትም።

በናፍጣ የሚሠሩ የቆዩ ሃይሉክሶችና ሃይአሶች ላይ የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ዲናሞው ጭራ ላይ ነው፤ ከሞተሩ ዘይት ይሄድለታል። ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ይገባና ካርቦኑን ያለብሰዋል። ካርቦን ቢቀይሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና መቆራረጥ ይጀምራል። ዲናሞው ሆድ ውስጥ ጥቁር ዘይት ካዩ መጀመሪያ ጎሚኒውን ያስቀይሩ።

ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ) ያገለገለ ዲናሞ ስገዛ ምን ልይ?

የድሮውን ይዘው ይሂዱ። የሶኬቱ ቅርጽና የፒኖቹ ፊደል፣ የፑሌጃው ዓይነት፣ የማሰሪያ ጆሮዎቹ ርቀት መግጠም አለባቸው። በእጅ ያሽከርክሩት፤ የኩሽኔታ ድምፅ ካለው ይተዉት። ቀለበቱ ላይ ጥልቅ ቦይ ካለ አዲስ ካርቦንም አያድነውም። ከሁሉ በላይ፣ ሻጩ በባትሪ አስነክቶ ሳይሆን መኪናዎ ላይ ገጥሞ፣ ግሎ፣ ከነጭነቱ ሲለካ የመመለስ መብት እንዲሰጥዎ ይስማሙ።

መንገድ ላይ መብራቱ በርቶ ከቀረ ልቀጥል?

ቆመው ቺንጋውን ይዩ። ላዳም ሆነ አብዛኛው የቆየ ኮሮላ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው፤ ከተበጠሰ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይቀጥሉ፣ ሞተሩን ያበስሉታል። ቺንጋው ካለ ሬዲዮና ነፋሻ ያጥፉና ሞተሩን ሳያጠፉ ይሂዱ። ቤንዚን ሞተር በካርቡሬተር ከሆነ ለካንዴላ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው፤ ጤነኛ ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ቀን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ማታ ግን ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ 10 አምፔር ገደማ ይጠጣሉ፤ መብራቱ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ሞተሩም መንተባተብ ይጀምራልና፣ ከዚያ በፊት ብርሃን ያለበት ቦታ ጥግ ይያዙ።